ለሲካ ባል ሲመረጥ

ሴናሜ ቁጭ አትልም። እንቁላሎቹ ሃምሳ አራተኛ ቀናቸውን በያዙበት ሳምንት የተጠረገውን ቤት ስትጠርግ፣ የተቀየረውን ውሃ ስትቀይር ነበር የምትውለው። የመፈልፈያውን ሳጥን ክዳን ከፍታ ታያለች፣ ትዘጋለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትመለስና እንደገና ትከፍታለች። እኔ መኪናዬ ጥላ ስር ተቀምጬ የበቆሎ ገንፎዬን በባሚያ ወጥ እየበላሁ አያታለሁ። 

«ዳቪ፣ እንቁላሉን በዓይንሽ ልትቀቅዪው ነው?» አልኳት። ታላቄ ስለሆነች ዳቪ ነው የምላት።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ። ኮቶኮሊ ሆዱ ካልሞላ ነገር አይገባውም።»

ሌላ ጊዜ እንዲህ በጎሳዬ ስትቀልድ ራሷ ቀድማ ትስቃለች። ያን ቀን ግን ፊቷ አልተፈታም።

የምትጨነቅበት ምክንያት ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ስድስት እንቁላሎች የሲካ ናቸው። ሲካ በግቢያችን ካሉት ዘንዶዎች ሁሉ ብቸኛዋ ቢጫ ናት። አለቃችን ኤክሉ ደግሞ ቃሉን ሰጥቷል፤ ከስድስቱ አንድ እንኳ ቢጫ ካልተፈለፈለ፣ ሰኔ ላይ ገዢው ከባሕር ማዶ ሲመጣ ሲካን ይዟት ይሄዳል። ሴናሜ ልጅ የላትም። ሲካን ከእንቁላሏ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሴናሜ ከአኔሆ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣች ሰው ናት። እነሱ ዘንድ ዘንዶ አውሬ አይደለም፣ ዘመድ ነው። ቤት ቢገባ «እንኳን ደህና መጡ አያቴ» ተብሎ በጨርቅ ታቅፎ ወደ ዛፉ ይመለሳል። መንገድ ላይ ሞቶ ከተገኘ እንደ ሰው ተገንዞ ይቀበራል። እሷ ግን በሃያ ሰባት ዓመቷ ባሏ ሌላ ሚስት ይዞባት ሲመጣ ሁሉንም ጥላ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሎሜ መጣች። በጼቪዬ መንገድ ላይ ባለው በእኛ የእባብ እርባታ ጠራጊ ሆና ተቀጠረች፤ በዚያው ዓመትም ጴንጤ ሆነች። «እኔ የኢየሱስ ነኝ፤ እባብ እባብ ነው» ትላለች። ይህን ስትል ግን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ እባቦቹ ሰምተው እንዳይቀየሟት ይመስል።

የእኔ ሥራ መንዳት ነው። በጋ ሲሆን በየመንደሩ እየዞርኩ፣ ገበሬዎች ከኩይሳና ከአይጥ ጉድጓድ ያወጧቸውን ያረገዙ ዘንዶዎች በጆንያ እጭናለሁ። እናቶቹ እኛ ዘንድ እንቁላላቸውን ይጥሉና ወደ ጫካቸው ይመለሳሉ። ከሚፈለፈሉት ውስጥ አብዛኞቹ ቡናማዎች ይሸጣሉ፤ መልካቸው ለየት ያለው፣ ጭረት ያለበት፣ የገረጣ፣ ጥቁር የበዛበት ግን ለዘር ይቀራል። ማን ከማን ጋር ይግባ የሚለውን በፊት የሚወስነው የኤክሉ አባት ነበር። ሽማግሌው መልካም ሰው ነበር፤ ነገር ግን ቆንጆ ካየ ከቆንጆ ጋር ማጋባት እንጂ ሌላ አያውቅም።

አንድ ቀን ሁለት ባለ ሐረግ መልክ ዘንዶዎችን ሊያገናኝ ሲል፣ ሴናሜ መጥረጊያዋን እንደያዘች «ባያገናኟቸው ይሻላል» አለችው።

«ለምን?»

«የሁለቱም ራስ ይንቀጠቀጣል። ይህ መልክ ከጭንቅላት ጋር የተጣላ ነው።»

ሽማግሌው ሳቀባት፤ አገናኛቸው። ከወጡት ጫጩቶች ግማሾቹ አንገታቸው ተጠማዞ አይጥ መያዝ እንኳ አቃታቸው። በማግስቱ መጥረጊያዋን ተቀብሎ ጠመኔ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ መራጯ እሷ ናት። ፊደል አታውቅም፤ በየሣጥኑ ላይ ዓሣ፣ መቆፈሪያ፣ ማበጠሪያ እየሳለች ነው የምትለያቸው። እኔ አንድ ቡናማ ዘንዶ ከሌላው ቡናማ ለይ ብትሉኝ እስከ ነገ እቆማለሁ። እሷ ግን አንገቱን አይታ አያቱ ማን እንደሆነ ትነግራችኋለች። ወንዱ በደንብ የሚበላ፣ ሲነካ የማይደነግጥ፣ ጅራቱ የወፈረ መሆን አለበት። ሴቷ ወንድ ሲገባባት እንደ ኳስ ተጠቅልላ ራሷን ከደበቀች «አልፈቀደችም» ብላ ታወጣዋለች። አለቃ ቢጮህም አትሰማም።

ሲካን ያገኘናት እኔ ከመንደር ካመጣኋት እናት እንቁላሎች ውስጥ ነው። ሌሎቹ ተፈልፍለው አልቀው አንዱ ዘገየ። በሦስተኛው ቀን ቅርፊቱ ተሰነጠቀና እንደበሰለ ማንጎ ቢጫ የሆነች ራስ ብቅ አለች፤ ዓይኗ ቀይ ነበር። ሴናሜ ክዳኑን ዘግታ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠችበት። እስከ እኩለ ቀን ለማንም ሳትናገር እዚያው ዋለች። በኋላ ስጠይቃት «አንድ ግማሽ ቀን የእኔ ብቻ ትሁን ብዬ ነው» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ አልበላ ብላ ስታስቸግር፣ ገና ዓይኑ ያልተከፈተ አይጥ በጣቷ እያቀረበች፣ እየለመነች ያበላቻት እሷ ናት። ሲካ ማለት በእነሱ ቋንቋ ወርቅ ነው።

ሲካ ስታድግ ከአንድ ጥሩ ቡናማ ወንድ ጋር ተገናኘች። አምስት ተፈለፈሉ፤ አራት ሴት፣ አንድ ወንድ፤ ሁሉም ቡናማ። ኤክሉ፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ግቢውን የሚመራው እሱ ነው፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል የባሕር ማዶው ገዢ በስልክ አስረዳው። ከስድስቱ እንቁላሎች በፊት በነበረው ኅዳር፣ አቧራማው የሐርማታን ነፋስ በጀመረ ሰሞን፣ እኔንና ሴናሜን ጠርቶ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ በቆሎና ቡናማ ባቄላ በተነ።

«እያንዳንዱ እባብ ሁለት ፍሬ አለው፤ አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከአባቱ» አለ። «የሲካ ሁለቱም ቢጫ ነው። ለልጆቿ አንድ አንድ ቢጫ ሰጠች፤ አባትየው ቡናማ ሰጠ። ቡናማው ቢጫውን ይሸፍነዋል። ጠፋ ማለት ግን አይደለም፣ ተደብቋል።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አልኩ እኔ።

«ዝም በል ኢሲፉ። ቢጫ የሚወጣው ሁለት ቢጫ ሲገናኝ ብቻ ነው።»

ሴናሜ በቆሎዎቹን በጣቷ ታንቀሳቅስ ነበር። «ሁለተኛውን ቢጫ ታዲያ ከየት ታመጣለህ?» አለችው። ገና በጉርምስናው ስለምታውቀው አንተ ነው የምትለው።

«ከዚሁ ከቤታችን። ወንዱን ልጇን ለእሷው እንመልስላታለን። እሱ አንድ ይዟል፣ እሷ ሁለት። ከሁለት እንቁላል አንዱ ቢጫ ይሆናል።»

ጣቷ ቆመ። «ልጇን?»

«ልጇን። እባብ ነው ዳቪ። እባብ እባብ ነው የምትዪው አንቺ ራስሽ አይደለሽ?»

«ነው» አለች።

«ታስገቢዋለሽ?»

«እኔ ካላስገባሁ ማን ሊያስገባ ነው?»

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከውስጥ ዘግታ ብቻዋን ገባች። ስትወጣ ውሃ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ሦስቴ ታጠበች። እኔ የአይጥ ሽታ ነው ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ቅርፊቶቹ መሰንጠቅ ጀመሩ። ኤክሉ ሱሪውን ሰብስቦ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የመጀመሪያው አፍንጫ ቡናማ ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሲወጣ ኤክሉ «ይሁን፣ ሦስት ቀረ» አለ። አራተኛውና አምስተኛውም ቡናማ ሆኑ። ስድስተኛውን ራሱ መቀስ አምጥቶ በጥንቃቄ ቀደደው። ቡናማ።

ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ሴናሜን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያን ሳጥን ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት አሁን እንቁላሎቹን አንድ ጊዜ እንኳ አላየቻቸውም። ዓይኗ ከኤክሉ ፊት ላይ አልተነሳም።

«ቀለሟ ላይ ላዩን ነው» አለ ኤክሉ ብድግ እያለ። «ወደ ልጅ አይወርድም። ትሂድ እንግዲህ።»

ሴናሜ ወደ አይጦቹ ቤት ጀርባ ሄደች። ተከተልኳት። በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ኢሲፉ፣ የገባው ልጇ አይደለም» አለችኝ።

«ምን?»

«ሌላ ነው ያስገባሁት። አንተ ከኖትሴ ያመጣኸውን። ከዚያ የልጁን ምልክት ከሣጥኑ ላይ አጠፋሁ። ሌሎቹንም አጠፋሁ፣ ማንም እንዳይለይ።»

ተናደድኩ። ስድስት እንቁላል፣ አንድ ሙሉ ዓመት። «ለምን? ፍየል አላየሽም? በግ አላየሽም? እናቱ መሆኗን የሚጠይቅ ጠቦት አለ?»

«ፍየልን አያቴ ብሎ የጠራ ሰው ታውቃለህ?» አለች። «ልጁን ይዤ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሲካ ቀና ብላ አየችኝ። እጄ እንቢ አለ፤ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። እናትና ልጅ በአንድ ያደሩበት አገር ዝናብ አያገኝም።»

«የኢየሱስ ነኝ ትይ አልነበር እንዴ?»

«እሱስ ቢሆን እናቱን አክብሮ አይደል የኖረው።»

 ለኤክሉ እንድትነግረው መከርኳት፤ ያባርረኛል አለች። ካልነገረችው ሲካ እንደምትሄድ ያውቅ የነበረ ልቧ ግን አላስቀመጣትም። ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ቆማ ሰቅላው ቁጭ ብላም ልታወርደው አልቻለችም።

በአራተኛው ቀን አናጺ ሲካ የምትሄድበትን ሳጥን አመጣ። አዲስ ጣውላ ነው፣ በጎኑ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ሴናሜ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ለካቻቸውና ለኤክሉ «ሳጥኑን መልሰው» አለችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ የኖትሴውን ወንድ፣ የጠፋውን ምልክት፣ እንቢ ያለውን እጇን። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የነገረችው።

ኤክሉ ግቢውን በጩኸት የሚያናውጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አዲሱ ሳጥን ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። 

«አንቺን ለምን እንዳዘዝኩሽ ታውቂያለሽ?» አለ። «አንድ ቅዳሜ ሁላችሁም ስትሄዱ እኔ ራሴ ሞክሬው ነበር። ልጁን አነሳሁት፤ ሣጥኑ ድረስ ሄድኩ። መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺ ጴንጤ ስለሆንሽ አይከብድሽም ብዬ ነው።»

«አንተም?» አለች።

«እኔም። እኛም ቤት አያቴ ነው የሚባለው።»

 ከዚያ፣ ማንም እዩት ሳይላቸው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አልኩ።

«አንተ ኮቶኮሊ ነህ፣ የሶኮዴ ሰው» አለ ኤክሉ። «ለአንተ ዘመድህ አይደለም።»

«ለእኔማ ጆንያ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው» አልኩ። ይህን ስል ሴናሜ ፊቷን አዞረች፤ ባልተናገርኩት ኖሮ ይሻል ነበር።

ገዢውን አንድ ዓመት ታገስ ብለው ለመኑት። ታገሠ፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ቀን አልጨምርም አለ። ሳጥኑ ተጠቅልሎ ጓዳ ገባ። ሲካ ዓመቱን ሙሉ በላች፣ ወፈረች፣ ቆዳዋን ቀየረች። ሴናሜ ደግሞ ከሳች። ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀን ትሄድ የነበረችው አራት ቀን መሄድ ጀመረች። አንድ እሑድ ግን አኔሆ ደርሳ መጣች፤ ምን ልትሠራ እንደሄደች አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

ሐርማታን ሲመጣ የቀረን ልጁን ለሲካ ማስገባት ብቻ ነበር። ኤክሉ ሥራ አለብኝ ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሬድዮውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እኔ ወደ ቡናማ ወንዶቹ ክፍል ገባሁ። አርባ ሣጥን ነው፣ በአራት ረድፍ፤ አርባ ቡናማ ዘንዶ፣ ምልክት የሌለው።

«ዳቪ፣ የትኛው ነው?»

በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። «ፈልገው።»

«ምን ብዬ? ስም ልጥራ?»

«አንተ ነህ የምታስገባው። እኔ የለሁበትም ብያለሁ።»

ያኔ ነው ነገሩ ለሁለታችንም የገባን። እጁን እኔ ላበድራት እችላለሁ፤ ዓይኑ ግን የእሷ ብቻ ነው። እሷ ካላሳየችኝ ልጁን የሚያውቀው የለም። አሳዘነችኝ፤ ግን ደግሞ ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩም።

«ስሚኝ» አልኳት። «ብታታልዪኝም አላውቅም። እንደ አምናው አንዱን ጠቁመሽ ልትሄጂ ትችያለሽ፣ ማንም አይከስሽም። ምርጫው ያንቺ ነው። ግን ዘንድሮም ቡናማ ከሆነ ሳጥኑ ጓዳ ነው ያለው።»

ገባች። በመጀመሪያው ረድፍ ሄዳ ተመለሰች። በሁለተኛው ሄዳ ተመለሰች። ሣጥኖቹን አትነካም፤ እጆቿን ብብቷ ስር ደብቃለች። ሦስት ጊዜ ዞረች። የኤክሉ ሬድዮ እስከ ውስጥ ይሰማል፤ የኳስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ አንድ እጇን አወጣችና ጣቷን ዘረጋች።

«ያ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥጉ ላይ። አንገቱ ላይ ሁለት ነጥብ አለው።»

ቀና ስል ወጥታለች። ሣጥኑን ሳብኩት፤ ሁለት ነጥብ ነበረው። ወስጄ ለሲካ አስገባሁት፤ ሲካም አልተጠቀለለችም። በሦስተኛው ቀን ጅራታቸው ተጠላልፎ አገኘኋቸው። ለሴናሜ አልነገርኳትም። ፊቴን አይታ አወቀች።

ሲካ ሰባት እንቁላል ጣለች። በዚያን ጊዜ ሴናሜ ሳጥኑን አትከፍትም ነበር፤ ሌላው ሥራዋ ላይ ግን እንደ እብድ ነበረች። ጠመኔ ይዛ አርባውንም ሣጥን እንደገና ምልክት አደረገችባቸው፣ ደመሰሰች፣ እንደገና ሳለች። ሁለት ጊዜ ራት ጋበዝኳት፣ ሁለቴም ቆማ በላች።

በስድሳኛው ቀን ተፈለፈሉ። የመጀመሪያው ቡናማ ነበር።  ሁለተኛው ቅርፊት ሲሰነጠቅ ቢጫ ራስ ወጣ። ከሰባቱ አራቱ ቢጫ ሆኑ። ኤክሉ እኔን አቀፈኝ፣ ዘበኛውን አቀፈው፣ ሴናሜን ሊያቅፍ ሄዶ ፊቷን ሲያይ እጇን ብቻ ጨበጣት።

«ሲካ ከዚህ ግቢ አትወጣም» አላት። «በአባቴ ስም። እስክትሞት ድረስ ያንቺ ናት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

እሱ ለገዢው ስልክ ሊደውል ሲወጣ፣ ሴናሜ ከቢጫዎቹ አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ጫጩቱ ጣቷ ላይ ተጠመጠመ። ቆንጆ ነበር፤ ዘንዶ ቆንጆ ነው ብዬ የማላውቀው እኔ እንኳ እንዲህ አልኩ።

«ኢሲፉ፣ ይህ ለሲካ ምኗ ነው?»

«ልጇ ነዋ።»

«የልጇ ልጅ አይደለም?»

 «ሁለቱም ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ጫጩቱን ቀስ ብላ ከጣቷ ፈትታ ወደ ወንድሞቹ መለሰችው። «የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አላውቅም።

ዛሬም መራጯ እሷ ናት። ኤክሉ ያለ እሷ ሁለት አይጥ እንኳ አያገናኝም። ቢጫዎቹን ራሷ ታበላለች፣ ቆዳቸውን ሲቀይሩ ታግዛቸዋለች፣ ለየትኛው ከሩቅ ዘር ባል እንደሚመጣለት ከአሁኑ ታስባለች። ሲካ ያለችበት ክፍል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልገባችም። ሲካን የማበላት እኔ ነኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ። ሳበላት ሴናሜ መጥታ በሩ ውጭ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች።

«በላች?» ትለኛለች።

«በላች» እላታለሁ።

ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።